ኢሞቢሌ ከታላላቆቹ ተርታ ይሰለፋል ወይ?

የዛሬው ክርክር፦ ቺሮ ኢሞቢሌ በሴሪ አ አራት ጊዜ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። በ2014፣ በ2018 (ያኔ ከኢካርዲ ጋር ተጋርቶ)፣ በ2020 እና በ2022። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። በላዚዮ 207 ጎል አለው፤ በክለቡ ታሪክ የሚስተካከለው የለም። ለጣሊያን ግን በ57 ጨዋታ 17 ጎል ብቻ። ታዲያ ታላቅ አጥቂ እንበለው?

ሚኪ፦ አንለውም። ከጣሊያን ሲወጣ ምን ሆነ? ዶርትሙንድ በ2014 ሌቫንዶቭስኪ ሲሄድበት እሱን ገዛ። ቡንደስሊጋ ላይ ስንት አገባ? 3። ቀጥሎ ሴቪያ ሄደ፤ ግማሽ ሲዝን እንኳን በቅጡ ሳይቆይ ወደ ቶሪኖ ተመለሰ። ትልቅ አጥቂ የትም ሄዶ ያገባል።

ኪሩ፦ ኧረ ባክህ! የዚያን ዓመት ዶርትሙንድ ረሳኸው እንዴ? በ2015 መጀመሪያ የደረጃው መጨረሻ ላይ ነበር። አሠልጣኙ ክሎፕም በሲዝኑ መጨረሻ ለቀቀ። በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ልጁ ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ 4 ጎል አግብቷል። በ2020 ደግሞ በላዚዮ ማሊያ ዶርትሙንድን ገና በ6ኛው ደቂቃ ቀጣው፤ ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ እኔ አጥቂን የምመዝነው በብሔራዊ ቡድን ነው። ጂጂ ሪቫ በ42 ጨዋታ 35 አገባ። ቪዬሪ በ49 ጨዋታ 23፤ 9ኙ የዓለም ዋንጫ ላይ ናቸው። ኢሞቢሌ የዓለም ዋንጫ ላይ አንድም የለውም። በ2017 ስዊድን በደርሶ መልስ፣ በ2022 ሰሜን መቄዶንያ በአንድ ጨዋታ ጣሊያንን ከዓለም ዋንጫ ሲያስቀሯት ፊት ላይ የነበረው ማነው? በሦስቱም ጨዋታ አንድ ጎል አልተገኘም።

ሰላም፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ቁጥር ልክ ነው። ግን ፓሌርሞ ላይ፣ በሰሜን መቄዶንያው ጨዋታ፣ ጣሊያን ከ30 ጊዜ በላይ ሞክራ ነው የተሸነፈችው። ቤራርዲ ባዶ ጎል ስቷል። እሱን ማንም አያነሳውም፤ ሁሉም ኢሞቢሌ ላይ ይወርዳል።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ኢሞቢሌ ኳስ ይዞ የሚያጫውት አጥቂ አይደለም። ቆም ብላችሁ አንድ ጎሉን እዩ። መጀመሪያ ከተከላካዩ ጀርባ ይደበቃል። የላዚዮው አማካይ ሉዊስ አልቤርቶ ቀና ሲል እሱ ሩጫውን ጀምሯል። ኳሱ ሲደርሰው አንዴ ይነካል ወይ ሁለቴ፣ ከዚያ ይመታል። አሠልጣኙ ሲሞኔ ኢንዛጊ የሠራው ላዚዮ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ኳስ ነጥቆ፣ ቶሎ ወደ ፊት የሚልክ ቡድን ነበር። ሜዳው ክፍት ነው። በአሠልጣኝ ማንቺኒ ጊዜ የነበረው የጣሊያን ቡድን ግን ኳሱን ይዞ ይሽከረከር ነበር፤ ባላጋራ አሥር ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ይከማቻል። ታዲያ ሰውዬው የት ይሩጥ?

ሚኪ፦ ሰበብ ነው። ታላቅ ከሆነ ይላመዳል። ደግሞ ያ የ2020ው 36 ጎል እንዴት እንደመጣ እናውቃለን። 14ቱ ፔናሊቲ ናቸው!

ኪሩ፦ 22ቱስ? 22 በጨዋታ ማግባት መቼ ነው ቀላል የሆነው? በዚያ ዓመት የአውሮፓ ሊጎች ኮከብ ግብ አግቢ የሚሸለመውን የወርቅ ጫማ ከሌቫንዶቭስኪ ላይ ነው የወሰደው። የሂጉዌይንን የሴሪ አ የአንድ ሲዝን የጎል ክብረ ወሰንም ተጋራ፤ 36ኛዋን ያገባው ደግሞ ናፖሊ ሜዳ ላይ፣ ተወልዶ ባደገበት አካባቢ።

ሚኪ፦ እሺ፣ በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ከቤልጂየም ጋር የሠራውን ቲያትርስ? ሳጥን ውስጥ ወድቆ ሲንፈራገጥ ባሬላ አገባ። ሰውዬው ብድግ ብሎ ሮጠና ጨፈረ! ሕመሙ በአንዴ ለቀቀው።

ሰላም፦ ሃሃሃ፣ እሷን ማንም አይከራከርልህም። ግን በዚያው ውድድር ቱርክ ላይም ስዊዘርላንድ ላይም አግብቷል። ዋንጫውንም በልቷል።

ጋሽ ታደሰ፦ በክለብ ደረጃ አልከራከርም፤ የድሮውን አጥቂ የፒዮላን የላዚዮ የጎል ክብረ ወሰን መስበር ቀልድ አይደለም። ከሪቫ ጎን ግን አላስቀምጠውም።

ሚኪ፦ ዋንጫ በላ አልሽ? ዌምብሌይ ላይ በፍጻሜው ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም ሳይሄድ ማንቺኒ አወጣው። ጣሊያን አቻ የሆነችው እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ሰላም፦ ማን አገባና? ቦኑቺ፣ ከኮርና። የገባለት ቤራርዲ አይደለም። ተከላካይ በኮርና ሲያገባ ኢሞቢሌን ምን አገባው?