የድሮ እጅ፣ አዲስ ስም፦ ያልታወቀ ብራንድ ድራም ልግዛ ወይ ለምትሉ

ሰሞኑን ሦስት ሰው በውስጥ መስመር ያው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ "ከትልልቅ ፋብሪካ የወጡ ባለሙያዎች የራሳቸውን ድራም ጀምረዋል፣ እሱን ልግዛ ወይስ የታወቀውን ልያዝ?" እኔ እንደዚህ ካለ ቤት አንድ ሙሉ የድራም ሴት (ሙሉ ስብስብ) ከወሰድኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ገና ዳዴ የሚል ቤት ስለሆነ በኔ አንድ ሴት ተፈርዶበት እንዲቀር አልፈልግም፣ ያየሁትን ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

አዲስ ነው ብቻ ብላችሁ አትሽሹ። ዛሬ ትልቅ ስም ያለው የድራም ብራንድ ሉድቪግ ራሱ እኮ አንድ ጊዜ "አዲስ ብራንድ" ሆኖ ያውቃል። ዊልያም ሉድቪግ በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከወንድሙ ጋር የጀመረውን ድርጅት በ1929 ኮን ለሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ሸጠው፣ እዛው ተቀጥሮ ቆየና አልሆንልህ ሲለው ወጥቶ በ1937 እንደገና ከዜሮ ጀመረ፣ የገዛ ስሙ ግን ተሽጧል፣ ስለዚህ በስሙ ምህጻር ደብሊው ኤፍ ኤል ብሎ መነሳት ግድ ሆነበት፣ ሉድቪግ የሚለውን ስም መልሶ የገዛው በ1955 ነው። ያኔ "ይሄ ደብሊው ኤፍ ኤል ደግሞ ምንድነው" ብሎ ያለፈው ሰው የማንን እጅ እንዳለፈ አስቡት። ሲምባልም (የናስ ሳህኑ) ጋ ያው ነው፣ ሳቢያን በ1981 የተጀመረው ሮበርት ዚልጂያን ከቤተሰቡ ድርጅት ተለይቶ ሲወጣ ነው፣ ዛሬ ሳቢያንን አዲስ የሚለው የለም።

ግን "ልምድ ያላቸው ሰዎች የሰሩት" የሚለው ነገር ላይ ቆም በሉ። የምን ልምድ? ሃያ ዓመት ጠርዝ (ቆዳው የሚያርፍበትን የድራሙን አፍ) ሲቆርጥ የኖረም፣ ሃያ ዓመት ሽያጭ ክፍል የተቀመጠም ሁለቱም ማስታወቂያ ላይ "የሃያ ዓመት ልምድ" ነው የሚባሉት። እኔ ከመግዛቴ በፊት የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሼሉን (የድራሙን የእንጨት ገላ) የሚያጣብቀው ማነው፣ ጠርዙን የሚቆርጠውስ? ሼሉን ራሳቸው እንጨቱን እያጎበጡ እንደሚሰሩት ነገሩኝ፣ ብረታ ብረቱን ግን ከሌላ እንደሚያስመጡ ሳይደብቁ አሉኝ። ይቺን መልስ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሴቱ እንደደረሰ አንድ ምት ሳልመታ የ12 ኢንች ቶሙን (ከሴቱ መሀለኛ ድራሞች አንዱን) ቆዳውን አወለቅኩት። ሰው ሁሉ ቀለሙን ነው የሚያየው፣ ድራም የሚታየው ግን ከውስጥ ነው። እንጨቱ ሜፕል ነው፣ እንደ ኮምፔንሳቶ ስስ ስስ ንጣፍ እየተደራረበ ነው የተጣበቀው፣ መጋጠሚያውን በጥፍሬ ፈልጌ አላገኘሁትም። ከዛ ሼሉን የመስታወት ጠረጴዛ ላይ በአፉ ደፋሁት፣ የስልኬን መብራት ውስጡ አስቀመጥኩ፣ የክፍሉን መብራት አጠፋሁ፣ ዞሬ ዞሬ ሳይ ከስር የሚያፈተልክ ብርሃን የለም፣ ጠርዙ ድፍን አድርጎ ነው የተቀመጠው። እውነቱን ለመናገር የታወቀ ስም ያላቸው ድራሞች ላይ ያላየሁት ነው። ቆዳውን ስመልሰው በራሱ ክብደት ወርዶ ቁጭ አለ፣ በጣቴ ሳዞረው ያለ ችግር ዞረ። ሼሉ ትንሽ ከሰፋ ወይም ክቡ ከተዛባ ቆዳው እየያዘ ነው የሚገባው፣ እንዲህ ያለውን ድራም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብትቃኙት አይቃኝም።

ጠርዙ 45 ዲግሪ ነው። ይሄ ለማያውቅ፣ ጠርዙ ስል ሲሆን ቆዳው የሚነካው እንጨት ትንሽ ነው፣ ድምፁ ይጠራል፣ ይቆያል። ግሬች የሚባለው ብራንድ እንደሚያደርገው 30 ዲግሪ ሲሆን ብዙ እንጨት ይነካል፣ ድምፁ ይሞቃል፣ ቶሎም ይሰበሰባል። የቱ ይበልጣል የሚለው የጆሮ ጉዳይ ነው፣ ሻጭ አንዱን "ፕሮፌሽናል" ካላችሁ አትስሙት።

አሁን ማወዳደሩ። ከጎኑ ያስቀመጥኩት የቆየውን፣ በርች ከሚባል እንጨት የተሰራውን ያማሃ ስቴጅ ከስተሜን ነው። ሰዎች ሁለት ድራም ሲያወዳድሩ የሚሳሳቱት አንዱ ላይ አዲስ ቆዳ ሌላው ላይ ያረጀ ቆዳ እያለ ስለ እንጨት ማውራታቸው ነው፣ ግማሹን ነገር የሚወስነው እኮ ቆዳውና ቅኝቱ ነው። ሁለቱ ቶም ላይ አንድ አይነት አዲስ አምባሳደር የሚባል ቆዳ፣ ማለትም ባለ አንድ ንጣፍ 10 ሚል (ሩብ ሚሊሜትር ገደማ)፣ ከላይም ከታችም አደረግኩ። ከፍ አድርጌ ስቃኛቸው እንኳን ሌላ ሰው እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ አልለያቸውም ነበር። ልዩነቱ የመጣው ሳወርደው ነው፣ ቁልፉን ሩብ ሩብ ዙር እያላላሁ ስወርድ ያማሃው አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ላስቲክ እንደመምታት ሆነ፣ አዲሱ ግን ከዛም ወርዶ ቃናውን አልለቀቀም። ለዝግታ ዘፈን፣ ለቀረፃ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እሺ ችግሩስ? ብረቱ። ያዙልኝ ያልኳችሁ መልስ ትዝ አላችሁ? ስኔሩ (ከስሩ ሽቦ ያለው ድራም) ላይ ሽቦውን የሚያጠብቀው ስትራይነር በሦስተኛው ወር መጫወት ጀምሬ መሀል ላይ ራሱን መልቀቅ ጀመረ፣ ሰው ፊት ስኔሬ ድንገት ቶም ሆነብኝ። የፍሎር ቶሙ (መሬት ላይ የሚቆመው ቶም) አንድ እግር ይንሸራተታል፣ አንዱ ላግ (ቡሎኑ የሚገባበት ብረት) ላይ ደግሞ የቡሎኑ ጥርስ ተበላ። መለዋወጫ ብዬ ስጽፍላቸው ትህትናቸው ደስ ይላል፣ መልሱ የሚመጣው ግን በሳምንቱ ነው፣ አራት ሰው ሆነው ነዋ የሚሰሩት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የቡሎኑን አይነት ጠይቁ። ፐርል፣ ታማ፣ ሉድቪግ፣ ግሬች አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ቡሎን ለሌላው ይገባል፣ ሶኖር የራሱ ሚሊሜትር ነው፣ ዲደብሊውም ጥርሱን ቀጠን አድርጎታል። አዲሱ ቤት ለብቻው የሆነ ቡሎን ከተጠቀመ ቤቱ የተዘጋ ዕለት አብራችሁ ተዘጋችሁ ማለት ነው። የኔው ደግነቱ የተለመደው ነው፣ የተበላውን ከድሮ ድራም ነቅዬ ተካሁት።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያ ሴትህ ከሆነ ወንድሜ አትልፋ፣ ስቴጅ ከስተም ወይም ፐርል ኤክስፖርት ያዝ፣ ቢሰበር እቃው ይገኛል። ሴት ኖሮህ ሁለተኛ ለቀረፃ ከሆነ የምትፈልገው አዲሱን ሞክር፣ ስታንዱንና ፔዳሉን ግን ከነሱ አትግዛ። ሙሉ ሴት ከምገዛ ስኔሩን ብቻ ልውሰድ ላልሽኝ እህቴ፣ እኔ ብሆን ተቃራኒውን ነበር የማደርገው፣ ምክንያቱም ስኔር ማለት ከሌላው ሁሉ በላይ ብረት የበዛበት ድራም ነው፣ የነሱ ድክመት ደግሞ እዛው ላይ ነው፣ ቶሞቹንና ባስ ድራሙን ወስደሽ የድሮ ስኔርሽን ይዘሽ ቀጥይ።

እኔ ስትራይነሩን በመጨረሻ ቀየርኩት። የአዲሱ ቀዳዳ ከድሮው ጋር አልገጠመም፣ ያን ብርሃን የማያሳልፍ ሼል በመሰርሰሪያ ስበሳው እጄ ሲንቀጠቀጥ ታናሽ ወንድሜ ቪዲዮ እየቀረፀ ይስቅ ነበር።