የጥንቱን ዘመን ከራሱ ቃል፦ የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለዞኑ ትምህርት መምሪያ የምናቀርበውን ዕቅድ ዛሬ መልክ እናስይዘው። መነሻ ሐሳቡ ይህ ነው፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ አክሱም፣ ስለ ግብፅም ሆነ ስለ ሜሶጶጣሚያ የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፍ ከመክፈቱ በፊት፣ በዘመኑ ሰዎች የተጻፈ አንድ ገጽ ያንብብ። ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ። ምን እናስነብብ?

የታሪክ መምህርት፣ ደብረ ሲና፦
ከአክሱሙ ንጉሥ ከዒዛና እንጀምር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቤጃዎች ላይ ስለ ዘመተው ዘመቻ ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክና በግእዝ ቋንቋ ነው፤ ግእዙም በራሱ ፊደልና በጥንቱ የደቡብ ዓረቢያ (ሳባ) ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ስድስት የቤጃ ነገሥታትን ከ4,400 ሕዝባቸው ጋር እንዳስመጣ፣ እንጀራና ሥጋ፣ ጠላና ወይን እየሰጠ ወደ ሌላ አገር እንዳሰፈራቸው ይናገራል። በዚህኛው አምላኩ ማሕረም፣ ከክርስትና በፊት ይመለክ የነበረው የጦር አምላክ ነው። በኋላ ስለ ኖባ ዘመቻ ሲያስጽፍ ግን «በኃይለ እግዚአ ሰማይ» ይላል። የሁለቱን ትርጉም ጎን ለጎን ሰጥተን «ምን ተለወጠ?» ብለን ብቻ እንጠይቅ። መምህሩ መልሱን አስቀድሞ እንዳይናገር በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፍልኝ። ለዓመታት እኔው ተናግሬ፣ እነርሱ ገልብጠው፣ በፈተና መልሰውልኛል፤ አንድም ልጅ «ለምን?» ብሎ አልጠየቀኝም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የግእዝ መምህር፣ አንኮበር፦
እኅታችን የተናገሩት ልቤን ነክቶታል። የምጨምረው ስለ ፊደሉ ነው። የቤጃው ጽሑፍ ካዕብ፣ ሣልስ የለውም፤ ሁሉም በግእዙ ቅርጽ ብቻ ነው የቆመው። የኖባው ግን እንደ ዛሬው ፊደላችን አናባቢ አለው። ልጆቹ ትርጉሙን ባያውቁት እንኳ ከ1,600 ዓመት በላይ በሆነው ድንጋይ ላይ መ እና በ የትኞቹ እንደሆኑ ለይተው ያሳያሉ። ይህን ደስታ አንንፈጋቸው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ፤ ጽሑፉ ያላለውን አናስብለው። የኖባው «እግዚአ ሰማይ» ይላል፤ ሥላሴን በስም የሚጠራው በግሪክኛ የተጻፈ ሌላ የዒዛና ጽሑፍ ነው። ንባቡንና ትርጉሙን እኔ አዘጋጃለሁ።

የታሪክ መምህር፣ መሐል ሜዳ፦
መሪጌታ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእኔ ጭንቀት ወረቀት ነው። በክፍሌ ከስልሳ በላይ ተማሪ አለ፤ መብራት በሌለበት ቀን ፎቶ ኮፒ የለም። አንዱ ገጽ ለአምስት ልጆች ይድረስ፣ ካነበቡት በኋላም ይመለስና ለሚቀጥለው ክፍል ይዋል። በካርቶን ላይ ብናጣብቀው ዓመቱን ይዘልቃል።

የታሪክ መምህርት፣ ደብረ ሲና፦
በዚህ እስማማለሁ። ከነገሥታት ቃል ሌላ የተራ ሰው ቃልም ይግባ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 አካባቢ፣ በዑር ከተማ ለነበረ ኤአ-ናሲር ለተባለ ነጋዴ፣ ናኒ የተባለ ደንበኛ በሸክላ ጽላት ላይ የጻፈው የክስ ደብዳቤ አለ፤ ጥሩ መዳብ እሰጣለሁ ብለህ መጥፎ አቀረብህልኝ፣ መልእክተኛዬንም አቃለልህ ይላል። ገበያ ወርዶ በሚዛን የተጭበረበረ ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ለአክሱምም የውጭ ሰው ምስክርነት አለን፦ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕርን ንግድ የጻፈው ግሪካዊ ነጋዴ ስለ አዱሊስ ወደብና ስለ ንጉሥ ዞስካሌስ ይነግረናል። ንጉሡ ለገንዘቡ ሳሳ ያለ ነው ይለዋል፤ የግሪክ ትምህርቱን ግን ያደንቃል። ንጉሥ ስለ ራሱ ሲናገርና ነጋዴ ስለ ንጉሥ ሲናገር ያለውን ልዩነት ተማሪው ራሱ ይመዝን።

የታሪክ መምህር፣ መሐል ሜዳ፦
የመንዝ የመቃብር ጉብታዎችስ? ተመራማሪዎች «የሻይ ባህል» የሚሏቸው ማለቴ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እነርሱ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸውና ከአክሱም ዘመን ጋር አንቀላቅላቸው። ቢሆንም ጽሑፍ ያልተወ ሕዝብ ስለ ራሱ እንዴት ይመሰክራል የሚለውን ለማስተማር ከደጃችን የተሻለ ምን አለ? በስድስተኛው ሳምንት በጉብኝት መልክ ይግባ።

የታሪክ መምህር፣ መሐል ሜዳ፦
እንግዲያው ይህም ይጻፍ፦ ማንም ልጅ አይቆፍርም፣ ስባሪ ሸክላም ቢሆን ከቦታው አያነሣም። የተገኘ ነገር ካለ ባለበት ትተን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እናሳውቃለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተመዝግቧል። የሁለቱ የዒዛና ጽሑፎች፣ የናኒ ደብዳቤ፣ የነጋዴው ምስክርነትና ጉብኝቱ ጸድቀዋል። የግብፁ ሳምንት ባዶ ነው፤ ሐሳብ ያላችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። መሪጌታ፣ የእርስዎ ንባብ ቢቀድምልን በሚቀጥለው ሳምንት እዚህ ደብረ ብርሃን በአንድ ክፍል ሞክረን፣ ተማሪዎቹ የጠየቁትን ጥያቄ ከዕቅዱ ጋር አያይዘን እናቀርባለን።