ሰዓት ማክበርና እንደ ሠራተኛው ሁኔታ የሚስተካከል የሥራ ሰዓት፦ ሁለቱን እንዴት አስማማችኋቸው?

ጠያቂ፦ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራው ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ በሚያከፋፍል የግል ድርጅት ሲሆን፣ ዘጠኝ ሠራተኞች ያሉበትን የሒሳብ ክፍል እመራለሁ። የሥራ ሰዓታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30፣ በመካከሉ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ያለበት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከ2:30 እስከ 6:30 ነው፤ በሳምንት 44 ሰዓት ማለት ነው። ከመስከረም ጀምሮ በሩ ላይ የጣት አሻራ መመዝገቢያ ማሽን ስለተተከለ ከ2:40 በኋላ የገባ ሠራተኛ ስሙ በቀይ ወጥቶ ለሥራ አስኪያጁ ይቀርባል።

ወደዚህ ጥያቄ የመሩኝ ሁለት ሠራተኞች ናቸው። አንደኛዋ ከኮዬ ፈጬ ተነሥታ ሜክሲኮ አካባቢ እስካለው ቢሯችን ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ሃያ ደቂቃ ትዘገያለች፤ ሆኖም በወሩ መጨረሻ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁን ከሁሉ ቀድማ የምታስረክበኝ እሷ ናት፣ ስሕተትም አይገኝባትም። ሁለተኛው ግን በየቀኑ 2:25 ላይ ጣቱን አስነክቶ ቁርስ ለመብላት ይወጣና ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው 3:30 ገደማ ነው። በማሽኑ መዝገብ እሱ ምስጉን ሠራተኛ ነው፤ እሷ ግን ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ፈርሜ የሰጠኋት እኔ ስሆን፣ ወረቀቱን ተቀብላ አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ጠረጴዛዋ የተመለሰችበት ሁኔታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

መግቢያና መውጫው እንደ ሠራተኛው ሁኔታ ቢስተካከል የሚለውን ሐሳቤን ለሥራ አስኪያጁ ባቀርብ፣ «እኛ ዘንድ ቀጠሮ ማክበር ገና ባህል አልሆነም፤ አሁን ሰዓቱን ብናላላው ሁሉም ይላላል» አሉኝ። ሥጋታቸው መሠረት የለውም ማለት አልችልም፤ «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚለውን አባባል ያወጣልን ሌላ ሕዝብ አይደለም። በመጨረሻ ግን አንድ የጽሑፍ ሐሳብ እንዳቀርብ ፈቅደውልኛል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤታችሁ የሞከራችሁት ካላችሁ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ ከአያት፣ የሕንፃ ዲዛይን ባለሙያ

ወንድሜ፣ እኛ አሥራ ሁለት ሰዎች ባሉበት የዲዛይን ቢሮ ከተገበርነው ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግን በግልጽ የከሸፉ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ስምንት ሰዓት እስከሠራችሁ ድረስ በፈለጋችሁት ሰዓት ግቡ» የሚል አንድ መስመር ጽፈን ለጠፍን። በሁለተኛው ሳምንት መዋቅር የሚሠራው መሐንዲስ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ይወጣል፣ ንድፉን የምትስለው ልጅ ከምሳ በኋላ ትመጣለች፣ ሁለቱ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ደንበኛ በቀጠሮው 3:00 ላይ መጥቶ ከጥበቃው በቀር የሚያነጋግረው ሰው አጣ። ጥበቃው ሻይ አስመጥቶ አስተናግዶታል፤ ደንበኛው ግን ሥራውን ወደ ሌላ ቢሮ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ትተን ወደ ድሮው ልንመለስ ተሰብስበን ሳለ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ባለሙያ «ጥፋቱ ሰዓቱ መለያየቱ አይደለም፤ ማን መቼ እንደሚገባ ሌላው አለማወቁ ነው» አሉ። በማግስቱ በሩ አጠገብ ነጭ ሰሌዳ ሰቀልን። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከቀኑ 10:00 ሰዓት በፊት በስሙ ትይዩ የነገ መግቢያውን ይጽፋል፤ መግባት የሚቻለው ከ1:30 እስከ 3:30 ሲሆን፣ ዘጠኝ ሰዓት ተቆጥሮ መውጫው ይወሰናል፤ ከ4:00 እስከ 10:00 ግን ሁሉም መገኘት አለበት። ሰሌዳው ላይ 3:15 ብሎ የጻፈ ሰው 3:15 ይገባል። ራሱ የመረጠውን ሰዓት ያላከበረ ሰው ታክሲውን ሊያመካኝ አይችልም፤ የታክሲውን ሰልፍ አስቦ ነውና የጻፈው።

ያልጠበቅሁት ነገር ቢኖር አብዛኛው ሰው ዘግይቶ ለመግባት ሳይሆን ቀድሞ ለመግባት መምረጡ ነው። 1:30 የሚገባ ሰው 10:30 ላይ ወጥቶ ሰልፉ ሳይበዛ መገናኛ ይደርሳል። 12:30 የሚወጡት ደግሞ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ከመሸ በኋላ ታክሲ መጠበቁ ስለከበዳቸው ከአንድ ወር በኋላ ሰዓታቸውን ቀየሩ። የቢሮው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ እኛ ዘንድ 1:30 የገቡት ሦስት ሰዎች እስከ 2:15 በረንዳ ላይ ቆመው የጠበቁበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የቁልፉን ጉዳይ ያስቡበት።

መልስ 2፦ ነርስ፣ ደሴ

የሁላችሁንም ሐሳብ በጥሞና አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ስለ ቢሮ ሥራ ብቻ እየተነጋገርን ሌላውን እንዳንረሳ እሰጋለሁ። በእኛ ሙያ ሰዓት ማለት ርክክብ ማለት ነው። የሌሊት ተረኛዋ የምትወጣው እኔ ስገባ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ብዘገይ አሥራ አምስቱን ደቂቃ የምትከፍለው ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረችው እኅቴ ናት። ርክክቡም ፊርማ ብቻ አይደለም። ከአልጋ ወደ አልጋ አብረን እየሄድን፣ የትኛው ሕመምተኛ ግሉኮሱ መቼ እንደሚያልቅ፣ የትኛዋ እናት ሌሊት ትኩሳት እንደነበራት፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ በቃል እንነጋገራለን። ተረኛዋ ልጇን ለማድረስ ስትቸኩል ይህ ንግግር ያጥራል፤ ሲያጥር የሚቀር ነገር አለ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ዘግይቼ ደርሼ፣ ርክክቡን ኮሪደር ላይ ጨርሰን፣ ለአንድ አዛውንት ሊደገም የሚገባው መድኃኒት በሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተሰጥቷል። እግዚአብሔር ይመስገን ጉዳት አልደረሰባቸውም፤ ለልጃቸው ሄጄ የነገርኩትና ይቅርታ የጠየቅሁት ግን እኔው ነኝ።

ይህን የምጽፈው ሐሳብዎን ለመቃወም አይደለም። የሚዘገይ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥፋት አጥፍቷል ብሎ መፍረድ ትክክል እንዳልሆነ እስማማለሁ። እኔ የምለው፣ መዘግየቱ የማንን ጊዜ እንደሚወስድ አስቀድማችሁ ለዩ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ 2:50 ብትገባ ማንም ቆሞ የሚጠብቃት ካልነበረ ከማሽኑ በቀር የተጎዳ የለም። ገንዘብ ያዧ ግን 2:50 ብትገባ መስኮቱ ፊት የተሰለፈ ሰው አለ። በእኛም ክፍል ቢሆን ተረኛ ከተረኛ ጋር ፈረቃ መለዋወጥ ይፈቀዳል፤ ሦስት ቀን ቀድሞ በኃላፊዋ ፊት ተስማምቶ መፈረም ብቻ ነው የሚጠየቀው። ይህች ትንሽ ፈቃድ ለአራስ እናቶች ምን ያህል እፎይታ እንደሰጠች አይቻለሁ።

መልስ 3፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ

ጠያቂው ሐሳባቸውን በጽሑፍ ከማቅረባቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት የሕግ ነጥቦች አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት ወይም በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። አንቀጽ 63 ደግሞ የሳምንቱ ሰዓት ለሥራ ቀናቱ በእኩል እንዲደለደል ካዘዘ በኋላ፣ የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ ከአንዱ ቀን ተቀንሶ ወደ ሌሎቹ ቀናት ሊዛወር እንደሚችል፣ ነገር ግን የአንድ ቀን ሥራ ከስምንት ሰዓቱ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይጨመርበት ይደነግጋል። የእርስዎ 44 ሰዓት ለአምስት ቀን ቢካፈል በቀን 8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይመጣል። ድርጅቱ የሥራውን ጠባይ ማስረዳት ከቻለ ቅዳሜን ለመልቀቅም መንገድ አለ ማለት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የማስጠንቀቂያው ጉዳይ ቀላል አይደለም። አንቀጽ 27 በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ በድምሩ ለስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረን ሠራተኛ፣ የመዘግየቱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ካልሆነ በቀር፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት ያስችላል። ሠራተኛዎ በሳምንት ሦስት ቀን የምትዘገይ ከሆነ ስምንቱ በአንድ ወር ሊሞላባት ይችላል። ስለዚህ «በቀይ የወጣ ስም» ብለው የጠሩት ወረቀት የአንዲት ሠራተኛ እንጀራ የተንጠለጠለበት መሆኑን አይዘንጉ። መፍትሔውም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ነው፤ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ምን እንደሆነ፣ መግቢያው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ በሥራ ደንባችሁ ላይ በግልጽ ይጻፍ። በቃል የተፈቀደ ነገር ኃላፊው የተቀየረ ዕለት ይሻራል።

አንድ ነገር ልጨምር። «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» እንደሚባለው፣ በወረቀት ፈቅደው በተግባር ግን ዘግይቶ የገባውን በዕድገትና በደመወዝ ጭማሪ ጊዜ የሚያልፉ ድርጅቶች ገጥመውኛል። እንዲሁም ሠራተኛው ሰዓቱን ራሱ መረጠ ተብሎ ከመደበኛው በላይ የሠራው ሥራ ያለ ክፍያ እንዳይቀር ይጠንቀቁ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን ክፍለ ጊዜ ቢያንስ የመደበኛው አንድ ተኩል ነው። ሰዓት ለሰው ኑሮ እንዲስማማ ማድረግ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር እንዳልሆነም ለሥራ አስኪያጁ ያስረዱልኝ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ዓርብ በ5:30 ወጥተው በ7:30 የሚመለሱት ለጁምዓ ሶላት እንዲመች ተብሎ ነው፤ በዚህም የተነሣ ሥራ ቆመ ሲባል አልሰማንም።

መልስ 4፦ ከፍራንክፈርት

እዚህ ጀርመን ከመጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል፣ የምሠራውም ዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ጀርመኖች «ግላይትሳይት» የሚሉት፣ መግቢያና መውጫው የሚንሸራተት የሥራ ሰዓት የተጀመረው በፈረንጆች 1967 ሲሆን፣ ቦታውም በሙኒክ አቅራቢያ በኦቶብሩን የነበረ የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ድርጅት ነው። ሐሳቡን ያፈለቀችው ክሪስቴል ካመረር የምትባል የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ናት። ለእናንተ የሚጠቅመው መነሻው ይመስለኛል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በአንድ ሰዓት ወደ አንድ በር ሲጎርፉ መንገዱ ይዘጋ ነበርና፣ ድርጅቱ ሰዓቱን የበታተነው በመንገዱ መጨናነቅ ምክንያት ነው። ሰዓት በማክበር ዓለም የሚያውቀው ሕዝብ ሰዓቱን ሲያላላ ሥርዓቱ አልፈረሰም። እንዲያውም የእኔን ድርጅት ብነግርዎ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሁላችንም እንገኛለን፤ ከዚያ ውጭ ያለውን እያንዳንዳችን እንመርጣለን፤ የተረፈና የጎደለ ደቂቃ እንደ ባንክ ሒሳብ በስማችን ይመዘገባል። ምዝገባው ግዴታ መሆኑንም የጀርመን ፌዴራል የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት በመስከረም 2022 በፈረንጅ አቆጣጠር ወስኗል። ስለዚህ ማሽኑን አንሡት አልልም፤ ማሽኑ መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ይቁጠር፣ ከ11:30 በኋላ የሠራችውም ለሠራተኛዋ ይታሰብላት።

ከውጭ አቅራቢ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሌላም ማሳሰቢያ አለኝ። በደብዳቤ «9:00» ተብሎ የተያዘ ስብሰባ ለእነሱ ጠዋት፣ ለእኛ ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሆኖ፣ አዲስ አበባ ያለው ወገን ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ሲደውል አስተውያለሁ። ደዋዩ ሰዓቱን አክብሮ ነበር፤ የሚያሳዝነው እሱ እንደ ሰነፍ መታየቱ ነው። በየቀጠሮው «በኢትዮጵያ» ወይም «በአውሮፓ አቆጣጠር» የሚል ቃል ይጻፍ።

ጠያቂው፣ ከአሥር ቀን በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነርሷ እኅታችን «የማንን ጊዜ እንደሚወስድ ለዩ» ያሉት ከሁሉ ይልቅ ረድቶኛል፤ ዘጠኙን ሠራተኞች አንድ በአንድ ጠርቼ «ጠዋት ከ2:30 እስከ 4:00 የሚጠብቅህ ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህን ጥያቄ ማሽኑ ከመተከሉ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ።

የኮዬ ፈጬዋ ሠራተኛ የልጇ ትምህርት ቤት በር የሚከፈተው 1:30 ላይ መሆኑንና ከዚያ በፊት ልጇን መንገድ ላይ ትታ መምጣት እንደማትችል ነገረችኝ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ሲደርሳት ምክንያቷን አንድ ጊዜም አልጠየቅኋትም ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። 3:00 ገብታ 12:00 መውጣት ይስማማታል፤ ልጇን ከትምህርት ቤት የምትቀበላት እኅቷ ናት። ቁርስ ሊበላ የሚወጣው ወጣት ደግሞ የሚሠራው የባንክ ደረሰኞችን መመዝገብ ሲሆን፣ ደረሰኞቹ ከተላላኪው እጅ የሚደርሱት ከ3:30 በኋላ ነው። ያንን አንድ ሰዓት ቢቀመጥም የሚሠራው አልነበረውም። እሱም 3:30 ገብቶ 12:30 ለመውጣት በደስታ ተስማማ፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚመጡትን ደረሰኞች በማግሥቱ ሳይሆን በዕለቱ እንደሚመዘግብልኝ ቃል ገብቷል። ገንዘብ ያዧ በ2:30 እንደነበረች ትቀጥላለች፤ እሷም መስኮቱን ለሌላ ሰው መተው እንደማትፈልግ ነግራኛለች።

ሥራ አስኪያጁ ለሦስት ወር ሙከራ ፈቅደዋል፣ ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች ከፋይሏ እንዲነሡ የጻፍኩትን ደብዳቤ ግን ገና አልፈረሙም። ሰሌዳው ዛሬ ተሰቅሏል፤ የቁልፍ ቅጂ ነገ ከሰዓት አስቀርፃለሁ።