ጢስ ዓባይ አዲስ ቤት ልንገዛ ነው፤ ቀብድ ከመስጠታችን በፊት ምን እንይ?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ምክር ፈልጌ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ የታሪክ መምህር ነው። ሽምብጥ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተን ሰባት ዓመት ኖርን። መስከረም በጠባ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል። አከራያችን ክፉ ሆና አይደለም፣ ኑሮው ነው። ልጆቹ ግን አድገዋል፤ ቤቱ አልበቃንም። ባሕር ዳር ውስጥ ቤት መግዛት ለእኛ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ወደ ዳር ዳሩ ማየት ጀመርን።

አሁን ጢስ ዓባይ አንድ ቤት አግኝተናል። ቀለሙ እንኳ በደንብ ያልደረቀ አዲስ ቤት ነው። የብሎኬት ነው፣ ሦስት ክፍል አለው፣ ኩሽናውና ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው። ቦታው 200 ካሬ ነው ተብለናል። ዋጋው 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር። ከእቁብ፣ ከቁጠባና ከቤተሰብ አሰባስበን 1 ሚሊዮን 500 ሺህ አለን። ቀሪውን ከባንክ ለመበደር አስበናል።

የሚሸጥልን ሰው ግን የቤቱ ባለቤት አይደለም። የባለቤቱ ወንድም ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ «ውክልና አለኝ» ይላል። ካርታውን በስልኩ ፎቶ አሳይቶናል። እስከ እሑድ 200 ሺህ ብር ቀብድ ካልሰጠነው ሌላ ገዥ እንዳለው ነግሮናል።

ባለቤቴ ቦታውን ከልቡ ወዶታል። ከፏፏቴው በታች ያለውን የአላታ ድልድይ ተማሪዎቹን ይዞ ስንቴ ሄዶ አይቶታል። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እ.ኤ.አ. የተሠራ ድልድይ አጠገብ ልጆቼን ባሳድግ ደስ ይለኛል ይላል። እኔም ደስ ይለኛል። የምፈራው ወረቀቱንና መንገዱን ነው። የምሠራው ባሕር ዳር ነው፣ የሌሊት ዲዩቲም አለብኝ። ቀብዱን እንስጥ? አዲስ ቤት ላይስ ምን ይታያል?

መልስ፦ የዓባይ ጎረቤት

እህቴ፣ እኔ ጢስ ዓባይ እየኖርኩ ባሕር ዳር እሠራለሁ። አራተኛ ዓመቴ ነው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወሬ ቅርብ ነው። በየቀኑ ስትመላለሺበት ግን የሚያደክመው ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ጥበቃው ነው። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሣም። እኔ 2 ሰዓት ተኩል ሥራ ለመግባት 12 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃውም ዝናቡም ሰዓቱን ያረዝመዋል።

ጠዋቱ ይለመዳል፤ የሚያስቸግረው ማታው ነው። አመሻሽ ላይ መኪና ይጠፋል። ለሌሊት ዲዩቲ ማታ መግባትና ጠዋት መመለስ ይቻላል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው በሚሄድበት ሰዓት በተቃራኒው ስለምትጓዢ ወንበር ታገኛለሽ። ከሰዓት ገብቶ ማታ 3 ሰዓት የሚያልቅ ፈረቃ ካለሽ ግን ባሕር ዳር የምታድሪበት ዘመድ ያስፈልግሻል። ይህን ከአለቃሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ብዙ ሰው «ጢስ ዓባይ ከ1956 ጀምሮ የኃይል ማመንጫ ያለበት ከተማ ስለሆነ መብራት አይጠፋም» ብሎ ያስባል። የሚመነጨው ኃይል ወደ ዋናው መስመር ነው የሚገባው። እኛም እንደ ሌላው ሻማ እንገዛለን። ቤቱ የራሱ ቆጣሪ እንዳለው ወይም ከጎረቤት የተሳበ መስመር እንደሆነ ዓይተሽ አረጋግጪ። አዳዲስ ቤቶች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይደበቃል።

ጠዋት ግን ጉሙ ከወንዙ ሲነሣ፣ ልጆቼ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ሳይ አልጸጸትም። እውነቴን ነው።

መልስ፦ ሕግ ያነበበ

እህታችን፣ በመጀመሪያ ቀብዱን አሁን አትስጡ። እሑድን እርሱት። «ሌላ ገዥ አለ» የሚል ሻጭ ሁልጊዜ ይኖራል።

ስለ ቀብድ ሕጉ ምን እንደሚል እወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ነገሩ ጥሩ ነው፤ ግን የሚጠቅማችሁ ቀብዱን የተቀበለው ሰው ለመሸጥ ሥልጣን ያለው ከሆነ ብቻ ነው። የባለቤቱ ወንድም ሥልጣን ከሌለው 200 ሺህ ብራችሁን ለማስመለስ ከወንድምየው ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ነው ትርፉ።

ስለዚህ ውክልናውን ዋናውን እዩ። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። «የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጥ» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ቤት ለማስተዳደርና ኪራይ ለመሰብሰብ የተሰጠ ውክልና ይዘው የሚሸጡ አሉ። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ በኩል የተረጋገጠ መሆን አለበት። ወካዩ በሕይወት መኖሩን ደግሞ በቪዲዮ ስልክ ራሳችሁ አናግሩት። ወካይ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም መስማማት አለባት። የጋራ ቤት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም። ያላገባ ከሆነም ያላገባ ማስረጃ ይምጣ።

ካርታውን በፎቶ አትመኑ። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከፋይሉ ጋር አመሳክሩት። በካርታው ላይ ያለው ካሬና በሜዳው ላይ ያለው አጥር አንድ ናቸው? እገዳ አለበት? ለባንክ ዋስትና ተይዟል? የቦታ ግብሩ እስከ ስንት ዓመት ተከፍሏል? የሊዝ ቦታ ከሆነ ቀሪ ክፍያው ስንት ነው? ይህ ዕዳ ከቦታው ጋር ወደ እናንተ ይዞራል፤ ብዙ ገዥ ይህን የሚያውቀው ስም ሲያዞር ነው። በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚደረግ ሽያጭ የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ እንደልብ የሚሸጥ አልነበረም። የእናንተ ቤት አልቋል ከተባለ ማዘጋጃ ቤቱም አልቋል ብሎ መዝግቦት እንደሆነ ጠይቁ።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። የመንደር ውል እንዳትቀበሉ። ዋጋውንም አሳንሳችሁ እንዳትጽፉ። ግብር ለመቀነስ ብለው ግማሹን ብቻ የሚጽፉ አሉ፤ ነገ ውሉ ቢፈርስ በወረቀት ያለውን ብቻ ነው የምትጠይቁት። ግምቱንም ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ያወጣዋል። አሹራውንና ቴምብሩን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ። ከሽያጩ ጥቅም የሚከፈለው ግብር በሕግ የሻጭ ነው፣ በልማድ ግን «ሁሉም በገዥ» ይባላል። እናንተ ያላችሁ ገንዘብ ለዚያ አይበቃም።

መልስ፦ ሰማያዊ በር

እኔ ምክር ሳይሆን የሆንኩትን ልናገር።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ካለ ሰፈር ከአንድ አርሶ አደር 150 ካሬ ገዛሁ። ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ወረቀት ተጽፎ ተፈራረምን። ሰውየው ያሳየኝ የገጠር መሬት ደብተር ነበር። እኔ ማኅተም ሳይ ሕጋዊ መሰለኝ። የእርሻ መሬት እንደማይሸጥ አላወቅሁም። አርሶ አደሩም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችግር ነበረበት።

ቤቱን በአምስት ወር ሠራሁት። ቀለም ቀብቼ ገና አንድ ክረምት ሳላድርበት «የጨረቃ ቤት ነው፣ ይፍረስ» ተባለ። ዕቃችሁን አውጡ ሲሉን ቆርቆሮውን ራሳችን ነቀልነው፣ እንዳይቀጠቀጥ ብለን። ብሎኬቱ ቀረ። ከቤቱ የተረፈኝ አንድ ሰማያዊ የብረት በር ነው። ዛሬ የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ልጄ ኳስ ሲመታበት ድምፁ ልቤን ይሰብረዋል።

እህቴ፣ ካርታ የሌለው ቤት ቢረክስም ርካሽ አይደለም። የእናንተ ካርታ አለ ተብሏል፣ ተመስገን። ግን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት።

መልስ፦ ግንበኛው

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ድንጋይና ብሎኬት ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ቤት ሲገዛ ግድግዳውን ያያል። እኔ መጀመሪያ በር እዘጋለሁ። በሩ ፍሬሙ ላይ ከተያዘ፣ ወይም ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ ቤቱ ተንቀሳቅሷል።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። በጣና ዙሪያ ዋልካ ብዙ ቦታ አለ። በጋ ላይ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ቤቱን ያነሣዋል፣ ሲደርቅ ይለቀዋል። ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ ሰሌክት፣ ማለትም የማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ሞልቶ ያልተሠራ መሠረት ሁለት ክረምት አይቆይም። ጢስ ዓባይ አፈሩ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ስለዚህ መሠረቱ ሲቆፈር ያየ ጎረቤት ፈልጊ። ሻጩን አትጠይቂ፣ ጎረቤቱን ጠይቂ። «ስንት ቆፈሩ? ምን አፈር ወጣ? ግሬድ ቢም አላቸው?» በይ፤ ግሬድ ቢም ከግድግዳው ሥር መሠረቱ ላይ የሚታሰረው የብረትና የኮንክሪት ማሰሪያ ነው። ጎረቤት ይህን አይረሳም፤ አፈሩ የተደፋው በሱ አጥር ሥር ነውና።

ከዚያ የመስኮቱን አራት ማዕዘን እዪ። ከጥጉ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ እየሰመጠ ነው። እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ወደየትም የማይሄድ ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ የሚመጣ ነው፤ እሱ አያስፈራም። አዲስ ቀለም ግን ሁለቱንም ይሸፍናል። «ቀለሙ ገና አልደረቀም» ስትዪ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ግድግዳውን በሳንቲም መታ መታ አድርጊ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ አልያዘም።

ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካለ ጣሪያው ያፈሳል። አሸንዳ አለው? ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃ ወዴት ይሄዳል? ግድግዳው ሥር የሚጠራቀም ከሆነ ያ ውኃ መሠረቱን ነው የሚጠጣው። የበሩንና የጣሪያውን እንጨት ደግሞ ለምስጥ እዪ።

ከሁሉም በላይ ቤቱን በዝናብ እዪው። ሰኔ ላይ ነን፣ እግዚአብሔር ጊዜውን ሰጥቶሻል። ሐምሌ ላይ አንድ ከባድ ዝናብ እስኪዘንብ ታገሺ። በማግስቱ ጠዋት ጫማሽን ለብሰሽ ሂጂ። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን አስነሺ፤ ውኃ ከታች ገብቶ ሞልቶ ከሆነ በየክረምቱ ይሞላል ማለት ነው። ከፈለግሽኝ እኔም አብሬሽ እመጣለሁ።

መልስ፦ ዘንዘልማ ያለሁ

ዘንዘልማን አይታችኋል? የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ያለበት ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ወደ ከተማ መግባት ቀሏል። እንደ ጢስ ዓባይ አይረክስም፣ ግን ቅርብ ነው። መሸንቲም በዳንግላ መንገድ አለላችሁ። ብድሩን በተመለከተ፣ ባንክ የሚያበድረው በራሱ ኢንጂነር ግምት ነው። ሻጩ የጠራውን ዋጋ አያይም። ግምቱ ካነሰ ልዩነቱን ከኪስ ማምጣት አለባችሁ። ከቀብዱ በፊት ባንኩን ጠይቁ።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰማያዊ በር፣ ያንተን ሳነብ አለቀስኩ። ባለቤቴም አንብቦታል። ቀብዱን አልሰጠንም። ለሻጩ «ውክልናውን ዋናውን አምጣ» ብለነዋል።

የሁለት ልጆች እናት (ከአራት ሳምንት በኋላ)

የሆነውን ልንገራችሁ፣ እንደናንተ የለፋልኝ የለም።

ውክልናው መጣ። «ቤቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ» ይላል። «እንዲሸጥ» የሚል ቃል የለውም። ወንድምየው ራሱ አላነበበውም ነበር፤ ፊቱን ሳይ እንዳልዋሸን ገባኝ። ባለቤቱን በቪዲዮ አነጋገርነው። ለመሸጥ የሚፈቅድ ውክልና ከኤምባሲ አውጥቶ እንደሚልክ ነግሮናል። ሌላ ገዥ የተባለው እስካሁን አልመጣም።

ማዘጋጃ ቤትም ሄድን። ካርታው እውነተኛ ነው፣ እገዳ የለበትም። ቦታው ግን 175 ካሬ ነው። አጥሩ 25 ካሬ ያህል ወደ መንገዱ ወጥቷል። በዚህ ላይ ዋጋውን እንደገና እየተነጋገርን ነው።

ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ግንበኛው አብረውን መጡ። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ። ደግመው ከፈቱ፣ ዘጉ። በሩ አልተያዘም። የጓሮው መስኮት ጥግ ላይ ግን ከእኔ ጣት የሚረዝም አዲስ ስንጥቅ ወጥቷል። በእርሳስ ጫፉ ላይ መስመር አሰመሩበት፣ ቀኑንም ጻፉበት። መስመሩን አልፎ ከሄደ እንደሚነግሩን ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመልሰን እናየዋለን።