«ኦኬ» የምን ምህጻረ ቃል ነው?

ቲቸር ሸዋ፦
ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ «ኦኬ» ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመጣ ነው፣ «ዜሮ ኪልድ፣ የሞተ የለም» ማለት ነው ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳመነብኝ። እውነት ነው እንዴ?

የጋዜጣ ትል፦
ኧረ መምህርት፣ በጭራሽ! ጦርነቱ የተጀመረው በ1861 ነው (በፈረንጆቹ)፤ ቃሉ ግን በመጋቢት 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ ታትሟል። ያኔ ጋዜጠኞቹ ሆን ብለው ፊደል እያሳሳቱ ማሳጠር ፋሽን ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል»፣ በ«ኤ» እና በ«ሲ» መጀመር ሲገባው በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጻፉት። የኛ ልጆች ቴሌግራም ላይ የሚያደርጉትን አስቢው።

ቲቸር ሸዋ፦
ታዲያ ሌሎቹ ቀልዶች ጠፍተው ይሄ እንዴት ተረፈ?

አባ መላ፦
ምርጫ አተረፈው። በ1840 ለድጋሚ የተወዳደረው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን የኪንደርሁክ ሰው ነው፤ ኒውዮርክ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» እያሉት «ኦኬ ክለብ» አቋቋሙ። ሰውየው ተሸነፈ፣ ቃሉ ቀረ። ይህን ሁሉ በ1960ዎቹ ከአሮጌ ጋዜጦች ፈልፍሎ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል ምሁር ነው።

ቲቸር ሸዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ ግን «ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ» ብሎ ድርቅ ብሏል፤ ሰኞ 1839ን ሰሌዳ ላይ እጽፍለታለሁ።