የድሮ ፕሮጀክተራችን የአንዱን ፊልም ድምፅ ለምን አፈነው?

ጦሳ ስር፦
ሰላም ወገኖች። እዚህ ደሴ ከተዘጋ አዳራሽ የወጣ የ35 ሚሊሜትር ፕሮጀክተር ጠግነን አስነስተናል። ለዒድ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን ፊልም ልናሳይበት አስበናል። ጥቁርና ነጩ ፊልም ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለቀለሙ ግን ምስሉ እያማረ ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ሹሹታውም ያስቸግራል። አምፕሊፋየር ቀየርን፣ ሌንሱን ወለወልን፣ ወይ ፍንክች። ጥፋቱ የፊልሙ ነው የማሽኑ? በአላህ የምታውቁ ንገሩን።

የቦርከናው፦
አብሽር ወንድሜ፣ ሁለቱም ደህና ይመስሉኛል። ያልተግባቡት መብራቱና ቀለሙ ናቸው። ፊልሙን ወደ መስኮት ያዘውና በምስሉና በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ቀጭን የድምፅ መስመር እየው። ብሩህ የሆነውን ሞገድ የከበበው ጥቁር ከሆነ ብር (ገንዘቡ ሳይሆን ማዕድኑ) አለበት ማለት ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ ከሆነ ሲያን የሚባለው ቀለም ነው።

ድምፁ የሚነበበው ከድምፅ አምፖሉ የወጣ ብርሃን በመስመሩ አልፎ ፎቶሴል (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ላይ ሲያርፍ ነው። የድሮው አምፖል የሚረጨው ብዙ ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) ነው፣ ፎቶሴሉም የሚያየው በዋናነት እሱን ነው። የፊልም ቀለሞች ደግሞ ኢንፍራሬድን ዝም ብለው ያሳልፉታል፣ ፎቶሴሉም ሞገዱን በደንብ አይለየውም። ስለዚህ ላቦራቶሪዎች ባለቀለም ፊልም ሲያጥቡ በድምፁ መስመር ላይ ብቻ ወፈር ያለ ኬሚካል ቀብተው ብሩን ያስቀሩ ነበር። አስቡት፣ በዚያች ቀጭን መስመር ላይ! ትንሽ ወደ ምስሉ ከተረጨ ቅጂው ተበላሸ። ውሃና ኬሚካልም ይፈጃል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀይ ኤልኢዲ አንባቢ መግባት ጀመረ። በመሃል በሁለቱም መብራት የሚነበብ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ቀለም) የበዛበት መስመር መጣ፣ ኋላ ብሩ ቀርቶ ሲያን ብቻ ሆነ። ሲያን ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ በቀይ መብራት ድምፁ ልክ ይወጣል። በእኔ እምነት ለውጡ ተገቢ ነበር፣ ግን አንባቢውን ያልቀየረ ትንሽ ሲኒማ ተጎዳ።

ሐይቅ ዳር፦
ታዲያ አምፖሉ ፊት ቀይ ፕላስቲክ ቢያደርጉ አይበቃም?

የቦርከናው፦
አይበቃም። ቀይ ፕላስቲክም ኢንፍራሬዱን ያሳልፋል፣ ችግሩ እንዳለ ይቀጥላል። መብራቱ ራሱ መቀየር አለበት።

ኤሌክትሪሻኑ፦
በትክክል። 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ደማቅ ቀይ ኤልኢዲ ፈልጉ፣ አምፖሉ በነበረበት ቦታ ብርሃኑ ወደ ድምፅ መስመሩ በሚያልፍባት ቀጭን ስንጥቅ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ኃይሉ የተረጋጋ ዲሲ (እንደ ባትሪ ያለ) ይሁን። በኤሲ (በግድግዳው ሶኬት ዓይነት ኃይል) ከሰራችሁት ስፒከሩ እምምም ሲል ያድራል። ለኤልኢዲው ያለ ሬዚስተር (ከረንቱን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ኃይል እንዳትሰጡት፣ ወዲያው ይቃጠላል። ከዚያ የአምፕሊፋየሩን መጠን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ፣ የድሮው መጠን አይሰራም።

ጦሳ ስር፦
አላህ ይስጣችሁ። መስመሩን በመስኮት አየነው፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው! ግን ቀዩን ካስገባን ጥቁርና ነጩ ፊልም እንቢ እንዳይለን?

ኤሌክትሪሻኑ፦
አይላችሁም። ብር ቀዩንም ይከለክለዋል፣ ሁለቱም በአንድ መብራት ይሰማሉ። የድሮውን አምፖል ግን አትጣሉት፣ ኤልኢዲው ቢበላሽ ለጥቁርና ነጩ ይሆናችኋል።