የመረብ እርሳስ ሳፈስ ይሸበሸባል፣ ሳጠብቀው ይሰነጠቃል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከጎርጎራ

ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ጣና ላይ በመረብ ያጠምዳል፤ እኔ ደግሞ በመረቡ የታችኛው ገመድ ላይ የሚታሰረውን እርሳስ አቀልጥለታለሁ። እርሳሱን ጎንደር ካሉ ጎሚስታዎች ነው የምሰበስበው፤ ጎማ ባላንስ ሲደረግ የሚለጠፈውን ማለቴ ነው። ከብረት ያሠራሁት፣ ለሁለት የሚከፈት ፎርማ አለኝ። መጀመሪያ የማፈሳቸው ፊታቸው ይሸበሸባል፣ ጠርዛቸውም አይሞላም። ደህና የወጡትን ደግሞ ገመዱ ላይ አድርጌ በፒንሳ ሳጠብቃቸው እጥፋታቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። ጓደኛዬ «የባትሪ እርሳስ ለስላሳ ነው፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ ፍታ» ይለኛል። የማቀልጠው እማዬ ማድቤት፣ በከሰል ምድጃ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ነሐስና ብር አቅላጭ፣ ጎንደር አራዳ

ወንድሜ፣ የሚሸበሸበው ፎርማህ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ግን ቅርጹን ሳይሞላ ይረጋል። ፎርማውን ከምድጃው ጎን አስጠግተህ በደንብ አሙቀው፣ ከዚያ ሳታቋርጥ አፍስስ። የመጀመሪያዎቹ ቢበላሹም ግድ የለም፣ ፎርማውን እያሞቁልህ ነው፤ ወደ ድስቱ መልሳቸው። ውስጡ ዘይት ነክቶት ከሆነም ያው ይሸበሸባል፣ በሳሙና አጥበህ እሳት ላይ አድርቀው። በተቃራኒው ፊቱ እንደ ውርጭ ነጣ ብሎ ከሻከረ ሙቀቱ በዝቷል፣ ትንሽ ረገብ አድርግ።

ከማፍሰስህ በፊት ሽምብራ የምታህል ሰም ጣልበትና በደረቅ የብረት ማንኪያ አማስለው። ይጨሳል፣ እሳትም ሊይዝ ይችላልና ፊትህን አርቅ። ቆሻሻው ከላይ ሲሰበሰብ ግፈፈው።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ፦ ውሃ! እርጥብ ጭልፋ ወይም ዝናብ የነካው ቁራጭ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ከገባ ውሃው በቅጽበት ተንኖ እርሳሱን ዓይንህ ላይ ይረጨዋል። ክረምት ላይ ደጅ ያደረ እርሳስ ስትጨምር፣ መጀመሪያ በባዶው ድስት ውስጥ ጨምረህ ከድስቱ ጋር አብረህ አሙቀው፤ በቀለጠው ላይ አትጣል። መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ የተሸፈነ ጫማ አድርግ። ድስቱም የብረት ይሁን፣ አሉሚኒየም ከሰል ላይ ሊከዳህ ይችላል።

መልስ፦ ጎሚስታ፣ አዘዞ

ስንጥቁ የመጣው ከእኛ ዕቃ ነው። የባላንስ እርሳስ ንጹሕ አይደለም፤ እንዲጠነክር አንቲሞኒ የሚባል ሌላ ማዕድን ይቀላቀልበታል። ጠንካራ ስለሆነ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለሚታጠፍ ሥራ ለስላሳ እርሳስ ያስፈልግሃል፤ አሮጌ የእርሳስ ቱቦ ወይም የድሮ የመሬት ኬብል ሽፋን ካገኘህ ያ ነው ለስላሳው። በጥፍርህ ጫር አድርገው፣ ጥሩ ምልክት ከተወበት ለስላሳ ነው።

ደግሞ አሁን አሁን ብዙው የባላንስ ክብደት ብረት ወይም ዚንክ ሆኗል። በፒንሳ ቆንጥጠው፤ እርሳስ ይበሳል፣ ዚንክ ግን አይበገርም። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ነው፤ ሙቀቱን ካላበዛህ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቶሎ አውጣው። ከቀለጠ ግን ሙሉውን ድስት እንደ ገንፎ ያወፍረዋል።

መልስ፦ ነርስ፣ ጎንደር ማራኪ

ወንድሜ፣ ባትሪውን ተወው። በውስጡ አሲድ አለ፤ ሳህኖቹም አብዛኛው የእርሳስ ዱቄት እንጂ ብረት አይደሉም። የምታገኘው እርሳስ ጥቂት ነው፣ አቧራውና ጭሱ ግን ብዙ ነው፤ ለስላሳም አይሆንልህ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ከእማዬ ማድቤት ውጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በደም ውስጥ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ልጆች ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል፤ የሚጎዳውም አእምሯቸውን ነው። ያ የምትገፈው ቆሻሻ ሲደርቅ አቧራ ይሆንና ሊጥ ላይ ያርፋል። እኛ ደግሞ እንጀራ በእጃችን ነው የምንበላው! ደጅ፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ አቅልጥ፤ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች አይቅረቡ። ግፋፊውን ክዳን ባለው ጣሳ አኑር፤ ሐይቁ ዳር እንዳትደፋው። ቦታውን በደረቁ አትጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውል። ልብስህን ለብቻው እጠብ፣ እጅህን በሳሙና ደጋግመህ ታጠብ። ድስቱና ጭልፋው ዳግመኛ ወጥ አይሠራባቸው። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ እስካሁን የሆነውን ለሐኪም ንገሩ።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ እዚያው ነው የሚውለው፣ ዛሬውኑ ዕቃውን አወጣለሁ። ለስላሳ እርሳስ ግን እዚህ አይገኝም፤ ያለኝ የጎሚስታው ብቻ ነው።

መልስ፦ ነሐስና ብር አቅላጩ

እንግዲያው አትጠፈው። ፎርማው መሐል ልሙጥ ዘንግ አስገባ፤ ከገመዱ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ወደ ጫፉ በጥቂቱ የቀጠነ ይሁን። ዘንጉን በኩራዝ ጥላሸት አጥቁረው፣ እንዳይጣበቅ። እርሳሱ እንደረጋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በወፍራሙ በኩል ያዝና እያዞርክ ሳበው። የቀዳዳውን አፍ በቢላ አለስልስ፣ ስለቱ ገመዱን ይበላዋል። ከዚያ ወንድምህ ገመዱን በቀዳዳው ያሳልፍና በግራና በቀኝ ይቋጥረው።